ከስድስት ኪሎ እስከ ጊዮርጊስ፦ የአገራችን ልጆች የሞሏት ከተማ

ለዚህ ጽሑፍ ረጋ ያለ መግቢያ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ልቤ ገና ከፒያሳ አልተመለሰም። ስለዚህ በቀጥታ ልናገረው፦ አንድ የሰሜን ሸዋ ሰው ቅዳሜና እሁዱን ለጉዳይ ሳይሆን ለመንፈሱ ብሎ አዲስ አበባ ላይ በእግሩ ቢያሳልፍ፣ ከስድስት ኪሎ ተነስቶ አራት ኪሎን አቋርጦ ጊዮርጊስ እስኪደርስ ድረስ የሚያገኛት ከተማ የሰው ከተማ አይደለችም። የሚያገኘው የገዛ አገሩን ልጆች ነው! አንኮበር እዚያ አለች። መንዝ እዚያ አለ። መርሐቤቴ እዚያ አለ። ሲያደብር እዚያ አለ። በሥዕል፣ በመጽሐፍ፣ በተውኔት፣ በሐውልት ሆነው ይጠብቁናል፤ እኛ ግን በታክሲ መስኮት እያየናቸው ስንት ዘመን አለፍናቸው!

እኛ የሰሜን ሸዋዎቹ ለሚዎች ወደ አዲስ አበባ የምንሄደው ጉዳይ ሲኖረን ነው። ሕመምተኛ ለማሳየት፣ ደብዳቤ ለማድረስ፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ ከመርካቶ ዕቃ ለማውጣት። በሙከጡሪ ወጥተን፣ ጫንጮንና ሱሉልታን አልፈን የእንጦጦን ቁልቁለት ስንወርድ ከፊታችን የተዘረጋችውን ከተማ የምናስባት በቢሮ ሰዓት ነው። ይዘጋብን ይሆን? ፈራሚው ይኖሩ ይሆን? ጉዳዩ ሲያልቅም ቶሎ ወደ መናኸሪያ። የኑሮ ግዴታ ስለሆነ ማንም አይፈርድብንም። ቅዳሜ ግን ጉዳይ የለም፣ ወረፋ የለም፣ ፈራሚ የለም። ከተማዋ ፊቷን የምታሳየው ያን ጊዜ ነው፤ እንዴት ያለ ፊት መሰላችሁ!

ከስድስት ኪሎ ጀምሩ፤ እባካችሁ ከሌላ ቦታ አትጀምሩ። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከር። አደባባዩ መሐል የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት ከዚህ አደባባይ አጠገብ ባለው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነበር፤ ፋሺስቶቹ በከተማዋ ሕዝብ ላይ ያወረዱት መዓትም ከዚያው ተነሳ። በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹትን ምስሎች አንድ በአንድ ዞራችሁ እዩ። ከዚያ መንገዱን ተሻገሩና ወደዚያው ግቢ ግቡ። ገነተ ልዑል ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ማደሪያ ሆኗል።

ከበሩ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ለያዘበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ብለው ጣሊያኖች የሠሩት ነው። ጫፉ ላይ አሁን የቆመው ማነው? የይሁዳ አንበሳ! ገና ሳትገቡ፣ ቲኬት ሳትቆርጡ፣ ታሪክ በድንጋይ ሲፎክር ታያላችሁ።

ውስጡማ! ሙዚየሙ የተዘጋጀው የሰው ሕይወት በሚሄድበት መንገድ ነው። ከልጅነት ትነሳላችሁ፣ በጉልምስና ታልፋላችሁ፣ ሞትና ከሞት ወዲያ ያለው ዘንድ ትደርሳላችሁ። ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ ያለ ሕዝብ እንዴት እንደሚወልድ፣ እንዴት እንደሚድር፣ እንዴት እንደሚያርስ፣ ሙታኑን እንዴት እንደሚያከብር በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጧል። እኛ ቤት ማንም ዞር ብሎ የማያየው የእጅ ሥራ እዚህ በመብራት ሥር ክብር አግኝቷል። ከላይ ፎቅ ደግሞ መስቀሎቹና ጥንታውያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ፊት ፊት ቆሞ መዋል ያምራል!

በዚያው ቤት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል እንደነበረ ተጠብቋል። መስታወቱን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ጥይት የበሳው ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በግርማሜ የተመራው መፈንቅለ መንግሥት ያበቃው በዚህ ግቢ ነበር። አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል ከተገደሉት ሹማምንት አንዱ መኮንን ሀብተ ወልድ ናቸው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ እሁድ ከሰዓት ፒያሳ ላይ ደስታ ሆኖ ይመለስላችኋል።

ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ስትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ድንቅነሽን ሳያዩ ማለፍ ነውር ነው! በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘች፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች እናት። የተማሪ ሰልፍ እየተጋፋ ሲያያት፣ አንዱ ልጅ ለሌላው «ትንሽ ናት እኮ!» ሲል፣ አስተማሪዋ «ለዚህ ነው ጎንበስ ብላችሁ የምታዩአት» ስትል መስማት በራሱ ትምህርት ነው።

አራት ኪሎ ላይ ግን ቁሙ! እዚያ ነው የሰውነቴ ጠጉር የቆመው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እዚያው ነው፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ያቋቋሙት፣ ከታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ የታተመበት ድርጅት። የዚያ ዘመን የኅትመትና የድርሰት ነገር ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ስም የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነው። ኅሩይ የየት ሰው ናቸው? የመርሐቤቴ! ከለሚ ጫፍ ላይ ቆመን ጀማን ቁልቁል ስናይ፣ ከወንዙ ማዶ የሚታየን ያ አገር ነው የወለዳቸው። ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነስተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። «ወዳጄ ልቤ»ን፣ «አዲስ ዓለም»ን ጻፉ። ጃፓን ደርሰው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ለአገራቸው ሰው አበረከቱ። ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤትም አቋቋሙ። በ1931 ዓ.ም. በስደት እንግሊዝ አገር አረፉ። ከጀማ ገደል እስከ ቶኪዮ! እኛ ደግሞ አራት ኪሎ ላይ ቆመን የምንጠይቀው የሜክሲኮ ታክሲ የቱ ጋ እንደሚጫን ብቻ ነው።

እዚያው አካባቢ መጽሐፉን እስከ አገጩ ድረስ በክንዱ ደርድሮ የሚያዞር ወጣት አገኘኝ። ከመሐል አንዱን ስቦ አወጣው፤ ጥጉ የተበላ «ታሪክና ምሳሌ»።

«ጋሼ፣ ይቺ እንደልብ አትገኝም፤ ይያዟት።»

«የማን እንደሆነች ታውቃለህ?»

«የከበደ ሚካኤል ነቻ!»

«እሳቸውኮ የአገሬ ሰው ናቸው፤ የመንዝ።»

«እንግዲያማ ጋሼ የአገርዎን ልጅ አስፋልት ላይ ጥለውት ሊሄዱ ነው?»

ከዚህ በኋላ ዋጋ መከራከር እንዴት ይቻላል! ገዛሁት። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትን በአማርኛ ያናገሩ፣ ለስንቱ ተማሪ ግጥምን ከምክር ጋር ያጎረሱ ባለ ቅኔ ናቸው። ያን መጽሐፍ በእጄ ይዤ የቀረውን መንገድ ስሄድ ከተማዋ ስሜን የምታውቀው መሰለኝ።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር! በታክሲ ያለፈ ሰው ምንም አላየም። መንገዱ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ይነሳል። ሰባ ደረጃ እዚያ ነው። ለለሚ እግር ይህ ደረጃ ምኑ ነው! ቀስ ብላችሁ ውጡት፤ እየወጣችሁ ዙሩና እዩ። ጥንዶች ተቀምጠው ያወራሉ፣ ተማሪዎች ፎቶ ይነሳሉ፣ አንዲት እናት ዘምቢላቸውን አሳርፈው ትንፋሽ ይሰበስባሉ፤ አላፊው ሁሉ «አይዞዎት እማማ» እያለ ያልፋል። ፒያሳ ሰፈሯ ብዙ ተቀይሯል፤ አሮጌው ፈርሶ፣ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ ደምቆ። ያም ሆኖ የድሮዎቹ ቤቶች እንጨት በረንዳ በየቦታው ብቅ ይላል። በአርመን፣ በግሪክና በሕንድ ነጋዴዎች ዘመን የተተከለው የፒያሳ ጠባይም አልጠፋም። ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ጣይቱ ሆቴል አለ። ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና የሚቆላው ቶሞካ አለ። ሰዉ እንደ ቆመ ቡናውን ይጠጣል፣ የቆላው ሽታ መንገዱን ያጥነዋል፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ስለ ኳስና ስለ ኑሮ ይከራከራሉ።

እሁድ ጠዋት ነጠላችሁን አጣፉና ጊዮርጊስን ተሳለሙ። አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን!

መናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ስምንት ማዕዘን ነው። የአድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ የተሠራው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ታቦቱ ከሠራዊቱ ጋር አድዋ ዘምቷልና። በየካቲት 1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚህ ዘውድ ጫኑ። በየካቲት 1929ኙ ጭፍጨፋ ፋሺስቶች እሳት ለቀቁበት፤ ከድል በኋላ ታድሶ ቆመ። ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ያውቃል። ጫማችሁን አውልቃችሁ ገብታችሁ ቀና ስትሉ የሚያጋጥማችሁን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር!

ከወለሉ ጀምረው እስከ ጣሪያ የሚደርሱ ሥዕሎች! ሞዛይክ! ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከሩቅ የቅዱስ ፊት የነበረው ሲጠጉት ጥፍር የሚያካክሉ ባለቀለም ጠጠሮች ይሆናል፤ አንዷ ወርቃማ፣ አጠገቧ ቡናማ፣ ከሥሯ አረንጓዴ። አንድም ጠጠር ብቻዋን ዓይን አትሆንም፤ አንድም ጠጠር ብቻዋን ክንፍ አትሆንም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስትሉ ግን ዓይኑ ተመልሶ ያያችኋል! ወደፊት ሄድኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ደግሜ ሄድኩ። አንድ ዲያቆን ሁኔታዬን አይተው ጠጋ አሉኝና በቀስታ «የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው» አሉኝ።

አፈወርቅ ተክሌ! ጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለደው ልጅ! የማዕድን ምሕንድስና ተማር ተብሎ እንግሊዝ የተላከ፣ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ወድቆ የለንደኑ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ። ተምረው ሲመለሱ ሹመት ይሻለኛል አላሉም፤ በየክፍለ ሀገሩ ዞረው አገራቸውን አጠኑ። በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርዕያቸውን አሳዩ። ከዚያ እንደገና አውሮፓ ተሻግረው የመስታወት ሥዕልንና ሞዛይክን መረመሩ፤ በየቤተ መጻሕፍቱ የተበተኑትን የብራና መጻሕፍታችንን ሥዕሎች ፈልገው አዩ። እስከ 2012 ዓ.ም. ሐረር ላይ በፈረስ ተቀምጦ የነበረው የራስ መኮንን ሐውልት የእሳቸው ነበር። የአንኮበር ጉም ያሳደገው ዓይን የዓለምን ቀለም ሁሉ ለምዶ ተመለሰና ይህን ግድግዳ አበራው!

እዚህ ላይ እጅግ የገረመኝን ልንገራችሁ። ካቴድራሉን ያሠሩት ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱት ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ላይ ነው። ቤተ መንግሥታቸው አንኮበር ነበር። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ መንግሥቱ ከእኛው ተራራ ወርዶ፣ በእንጦጦ በኩል አልፎ ነው እዚህ የሰፈረው። ሕንፃውን ያቆመው የአንጎለላ ልጅ፣ ግድግዳውን ያበራው የአንኮበር ልጅ! በበሩ ስትወጡ ደግሞ ምኒልክ ራሳቸው አደባባዩ ላይ በፈረስ ይጠብቋችኋል። ያ ሐውልት በ1923ቱ ዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀ፣ ጣሊያን ነቅሎ የደበቀው፣ ከድል በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው።

ከሐውልቱ አጠገብ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ሰፊ ነው፤ ጊዜ ስጡት። እኔ እዚያ ውስጥ ስዞር በአእምሮዬ የነበረው አንድ ታዳጊ ነው። ከእንሳሮ አጠገብ ከሲያደብር የወጣ፣ ልጅ ሆኖ ከጦሩ ጋር አድዋን ያየ፣ ከዚያ ሩሲያ ሄዶ የተማረ፤ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። የ1923ቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ጣሊያን ሲመጣ ጄኔቭ ላይ ስለ አገራቸው የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉትም እሳቸው! «ፋቡላ» ይባላል፤ በአውሬዎች ተረት የዘመኑን አስተዳደር ስለ ተቸ ታገደ። ከጎረቤታችን ከሲያደብር የወጣ ሰው ለዚህች አገር ቴአትርን ጀመረላት! ይህን እያወቅን እንዴት ቴአትር የከተሜ ነገር ነው እንላለን?

እንግዲህ ምሳ በልታችሁ እዚያው ከአደባባዩ አለፍ ብሎ ወዳለው ሀገር ፍቅር ቴአትር ሂዱ። የአገራችን የመጀመሪያው ቴአትር ቤት ነው። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ጣሊያን ጦሩን ሲያከማች ሕዝቡን በዘፈን፣ በንግግርና በትርኢት ለማንቃት የተመሠረተ ማኅበር ነበር። መሥራቹ ማን ነበሩ? ስማቸውን ያዙልኝ ያልኳችሁ መኮንን ሀብተ ወልድ! ቅዳሜ ጠዋት የሞቱበትን ቤት አያችሁ፤ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ያቆሙት ቤት ውስጥ ሰው ሲስቅ ሰማችሁ። ጥላሁን ገሠሠ በወጣትነቱ የገባበት ቤት ነው። አዳራሹ ሞልቶ፣ መጋረጃው ሲገለጥ ሕፃን ሳይቀር ዝም ሲል፣ ተዋናዩ አንዲት ነገር ወርወር ሲያደርግ ሳቁ ከፊት ተነስቶ እስከ ኋላ ወንበር ሲንከባለል፣ ከአጠገቤ የተቀመጡ አባት «እውነት ነው! እውነት ነው!» እያሉ ጉልበታቸውን ሲመቱ! ፊልም ይህን አይሰጥም። ስልክ ይህን አይሰጥም። ሕያው ሰው ፊት ለፊታችን ላብ አፍስሶ ሲጫወት ከሌላ ሕያው ሰው ጋር ሆኖ መስማት ብቻ ነው ይህን የሚሰጠው።

በሥራ ቀን የመጣ ሰው ካለ አንድ ነገር ልጨምርለት። ካዛንቺስ አጠገብ፣ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ አፍሪካ አዳራሽ አለ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ ታድሶም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና የተከፈተ ነው። የጉብኝቱን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ መታወቂያችሁን ያዙ፣ ግቡ። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕል የአፈወርቅ ተክሌ ነው፤ የአፍሪካ ያለፈ መከራ፣ ትግሏና ተስፋዋ በሦስት ክፍል። ፀሐይ ከውጭ ስትመታው ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። የአህጉሪቱ መሪዎች የተሰበሰቡት የአንኮበር ልጅ ባበራው ብርሃን ሥር ነበር!

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ የምለው ይህ ነው፦ ለሚ ያላችሁ መምህራን፣ በዓመት አንድ ቅዳሜና እሁድ ተማሪ ይዛችሁ ኑ። ወላጆች፣ ልጁን ለሕክምና ወይም ለልብስ ስታመጡት አንድ ቀን ጨምሩለት። ከስድስት ኪሎ እስከ ጊዮርጊስ እግር ይበቃል፤ የሙዚየሙ ቲኬት ለአገር ሰው የሚከብድ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑ መሳለሚያ ነው፤ መንገዱ የሁሉም ነው። ልጁን ጊዮርጊስ ውስጥ ከሞዛይኩ ፊት አቁሙትና ይህን የሠራው ሰው የተወለደው አንኮበር ነው በሉት። አራት ኪሎ ላይ ኅሩይ ከጀማ ማዶ ነው የመጡት በሉት። ሀገር ፍቅር ላይ ቴአትርን የጀመረው የሲያደብር ሰው ነው በሉት። ያ ልጅ ለሚ ሲመለስ እርሳስ አንስቶ ጀማን መሳል ይጀምራል፤ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ተውኔት ያዘጋጃል፤ ወይም ይጽፋል። እነ አፈወርቅም፣ እነ ኅሩይም፣ እነ ከበደ ሚካኤልም እንደ እሱ ከገጠር የወጡ ልጆች ነበሩ፤ ቀጣዩ ስም ከለሚ የማይወጣበት አንድም ምክንያት የለም!